አንዱን ወርቅ በዲስከስ አመጣችው፣ ሌላውን በመኪና ጭና አሸሸችው

የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጡ ሴቶች ብዙ ናቸው። ወርቁን ካመጣች በኋላ ደግሞ የአገሯን የባንክ ወርቅ የጫነ መኪና መሪ ይዛ፣ ቦምብ ከሰማይ እየወረደ፣ በሌሊት መብራት አጥፍታ የነዳች ሴት ግን እኔ የማውቀው አንዲት ብቻ ናት። ስሟ ሃሊና ኮኖፓትስካ ነው። አገሯ ፖላንድ፣ ስፖርቷ ዲስከስ ውርወራ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦኬም ሆናችሁ ጭሮ፣ ገለምሶም ሆናችሁ ሂርና፣ ኦሎምፒክ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ሩጫ ነው። አይፈረድባችሁም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች በሙሉ የሩጫ ናቸው፤ በውርወራ አንድም የለንም። ታዲያ የአንዲት ፖላንዳዊት ዲስከስ ወርዋሪ ታሪክ እኛን ምን አገባን? እንደኔ እንደኔ በጣም ያገባናል። ምክንያቱም ሴት ልጅ በኦሎምፒክ ትራክ ላይ ትቁም ወይስ አትቁም የሚለው ክርክር የተፈተነው እሷ በወረወረችባት ሳምንት ነው። የእነ ደራርቱም መንገድ በዚያች ሳምንት በኩል ነው የሚያልፈው። እንዴት እንደሆነ ወደታች እናየዋለን።

ሃሊና የተወለደችው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1900 ራቫ ማዞቪየትስካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የዛኔ ፖላንድ የሚባል አገር በካርታ ላይ አልነበረም። ሩሲያ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ለሦስት ተከፋፍለውት ነበር፤ የእነሃሊና ከተማም በሩሲያ ሥር ነበረች። ፖላንድ ነፃነቷን ያገኘችው በ1918 ነው። ስለዚህ ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ የራሷ ባንዲራ ያለው አገር አላየችም። ይህን ያዙልኝ፣ አምስተርዳም ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ያደገችው ዋርሶ ነው። ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፖላንድ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አጠናች፤ ግጥም ትጽፍ ነበር። ስፖርት ደግሞ የማትነካው አልነበረም ማለት ይቻላል፦ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ዋና፣ ቴኒስ። ከዚያ በተማሪዎቹ የስፖርት ክለብ በኩል ወደ አትሌቲክስ ገባች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፤ ለዲስከስ ደግሞ ረጅም ክንድ ትልቅ ሀብት ነው። ብዙም ሳትቆይ የፖላንድ ሻምፒዮን ሆነች፣ ከዚያ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች፣ ከዚያ የራሷን ክብረ ወሰን ደጋግማ ማሻሻል ጀመረች። በስፖርት ዘመኗ በዲስከስ፣ በአሎሎ፣ በጦር ውርወራና በሌሎችም 27 ጊዜ የፖላንድ ሻምፒዮን ሆናለች።

ዲስከስ አይቶ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው ነገሩ። እንደ ሰሃን የተስተካከለ ክብ ነገር አለ፤ የሴቶቹ 1 ኪሎ፣ የወንዶቹ 2 ኪሎ ይመዝናል። ወርዋሪዋ ስፋቷ 2 ሜትር ተኩል በሆነች ክብ ውስጥ ትቆምና ተሽከርክራ ትለቀዋለች። ከክቧ ከወጣች ውርወራው አይቆጠርም። ብዙ ሰው ይሄ የክንድ ጉልበት ይመስለዋል፤ አይደለም። ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥታችሁ ወፍ ያባረራችሁ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ወንጭፍ የምታፈጥነው ዙሯ ናት፤ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ደግሞ የምትለቁበት ቅጽበት ነው። ዲስከስም ያው ነው፣ ልዩነቱ ገመዱ ክንዳችሁ፣ የሚሽከረከረው ደግሞ መላ ሰውነታችሁ መሆኑ ነው። ጉልበቱ ከእግርና ከወገብ ይመጣል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1920ዎቹ የሴቶች አትሌቲክስ በኦሎምፒክ ውስጥ አልነበረም። ሴቶች ቴኒስ ይጫወቱ ነበር፣ ይዋኙ ነበር፤ ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ግን ክልክል ነው። የዘመናዊው ኦሎምፒክ አባት የሚባለው ፒየር ደ ኩበርተን ራሱ ሴቶች መወዳደራቸውን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ይህን ያልተቀበለች አንዲት ፈረንሳያዊት ነበረች፣ አሊስ ሚሊያ ትባላለች። ስትለምን እምቢ ሲሏት ምን አደረገች? የራሷን ኦሎምፒክ አዘጋጀች። በ1922 ፓሪስ ላይ ሴቶችን ብቻ ሰብስባ ውድድር አካሄደች፣ ሕዝቡም መጥቶ ስታዲየሙን ሞላው። ሁለተኛው ውድድር በ1926 ስዊድን ውስጥ ዮተቦሪ ላይ ሲደረግ የዲስከሱን ወርቅ የወሰደችው የእኛዋ ሃሊና ናት።

የኦሎምፒክ ሰዎች ይሄ ነገር ከእጃቸው እየወጣ መሆኑን ሲያዩ ተደራደሩ። ኩበርተን ሥልጣኑን በ1925 ለቆ ነበር። ውጤቱ ግን ግማሽ መንገድ ነው፦ በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች በአምስት ውድድር ብቻ ለሙከራ እንዲገቡ ተፈቀደ። 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ ከፍታ ዝላይ፣ 4 በ100 ዱላ ቅብብልና ዲስከስ። ወንዶቹ 22 ነበራቸው። የእንግሊዝ ሴቶች ይሄ ንቀት ነው ብለው ጭራሽ ቀሩ። የቀሩትን አልወቅሳቸውም። ነገር ግን የሄዱት ላይ የወደቀውን ሸክም አስቡት፤ ሙከራ ነው ተብሏል፣ ሁሉም እነዚህ ሴቶች ይችሉ ይሆን ብሎ አፍጥጦ እያየ ነው፣ ካልሆነ በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

ጁላይ 31 ቀን 1928። በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ነው እዚህ አገር ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉት፤ የዛሬዋ ጭሮ አሰበ ተፈሪ የተባለችው በእሳቸው ስም ነው። አምስተርዳም ላይ ሃሊና ቀይ ኮፍያዋን አድርጋ ሜዳ ገባች። ኮፍያዋ መለያዋ ነበር፣ ከሩቅ የሚያያት ሰው ሁሉ በሱ ነው የሚለያት። ከዚያ ወረወረች፦ 39 ሜትር ከ62። አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣችው አሜሪካዊቷ ሊሊያን ኮፕላንድ 37 ሜትር ከ08 ነው የወረወረችው፣ ሦስተኛዋ ስዊድናዊቷ ሩት ስቬድቤሪ 35 ሜትር ከ92። ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ልዩነት! በዲስከስ ይሄ ቀላል ክፍተት አይደለም።

ፖላንድ ከዚያ በፊት የኦሎምፒክ ወርቅ አግኝታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ያመጣችው ሴት ናት። ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው፦ ባንዲራ በሌለው አገር የተወለደችው ልጅ፣ ነፃ ከወጣ ገና አሥር ዓመት የሆነውን አገሯን ባንዲራ አምስተርዳም ላይ ከሁሉም በላይ አሰቀለችው።

በኦሎምፒክ አትሌቲክስ የመጀመሪያዋ ሴት የወርቅ ባለቤት ማን ናት የሚል ጥያቄ አለ። ፖላንዶች ሃሊና ይላሉ፣ አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ቀን 100 ሜትር ያሸነፈችውን ቤቲ ሮቢንሰንን ያነሳሉ። ሁለቱም የጁላይ 31 ድል ነው፣ የሰዓታት ጉዳይ ነው። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። የዘመኑ ጋዜጦች ስለ ሃሊና ሲጽፉ ከ39 ሜትሩ ይልቅ መልኳ ነበር የሚያወሩት፤ የኦሎምፒኩ ቆንጆ ናት ብለው ማዕረግ ሰጧት። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬ ቲክቶክ ላይ የሴት አትሌት ቪዲዮ ሥር የሚጻፈውን ኮሜንት አንብቡና ምን ተለወጠ በሉ።

አሁን ወደዚያች ሳምንት ክፉ ቀን እንምጣ። ሃሊና ከወረወረች ከሁለት ቀን በኋላ የሴቶች 800 ሜትር ፍጻሜ ተደረገ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች፣ ጃፓናዊቷ ሂቶሚ ኪኑዬ ሁለተኛ ሆነች። ሩጫው ሲያልቅ የደከማቸው ሴቶች ሣሩ ላይ ጋደም አሉ። ማንም ሯጭ የሚያደርገው ነው፤ ወንዶቹም ያደርጉታል። ጋዜጦቹ ግን ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፣ ሩጫውን መጨረስ አቃታቸው ብለው ጻፉ። ሐሰት ነበር። ለፍጻሜ የቀረቡት ዘጠኙም ጨርሰዋል። ዘመኑ ስክሪንሾት ተነስቶ የሚጋለጥበት አልነበረምና ውሸቱ አሸነፈ። የሴቶች 800 ሜትር ከኦሎምፒክ ተሰረዘ፣ የተመለሰውም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ ነው። 1500 ሜትር ለሴቶች የተፈቀደው በ1972፣ ማራቶን በ1984፣ 10 ሺህ ሜትር በ1988። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው በ1992 ነው፣ ውድድሩ ለሴቶች ከተፈቀደ ገና ሁለተኛው ኦሎምፒክ ላይ። ትንሽ ቀደም ብላ ብትወለድ ኖሮ የምትሮጠው ርቀት ራሱ አይኖርም ነበር።

ከ800 ሜትሩ ወሬ በኋላ የሴቶች አትሌቲክስ እንዳለ ይውጣ የሚሉ ሰዎች ድምፃቸው በርትቶ ነበር። አልተሳካላቸውም። ሌሎቹ ውድድሮች ያለ ኮሽታ አልፈው ነበር፣ ሃሊና ደግሞ ማንም ሊያጣጥለው የማይችል ውጤት ሜትር ዘርግታ አሳይታለች። ውሸት መጻፍ ለሩጫ ይመቻል፣ 39 ሜትር ከ62 ላይ ግን ምን ይጻፋል? የሴቶች ዲስከስ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ከአንድም ኦሎምፒክ አልተጎደለም። የዛሬው የዓለም ክብረ ወሰን 76 ሜትር ከ80 ነው፣ በ1988 ጀርመናዊቷ ጋብሪየለ ራይንሽ ያስመዘገበችው፤ ከሃሊና ውርወራ እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ረጅም ርቀት ሩጫ ደጋ ይፈልጋል እየተባለ ቆላ ላይ የምታድግ ልጅ ስፖርት የሚባለው ነገር ለሷ ያልተፈጠረ ይመስላታል። ዲስከስ ግን ከፍታ አይጠይቅም። የሚፈልገው ሜዳ፣ አንድ ኪሎ የምትመዝን ዲስከስና አሳይቶ የሚያርም አሠልጣኝ ነው። የትምህርት ቤት ውድድር ላይ ውርወራ ሁሌ የፕሮግራሙ መሙያ ተደርጎ ሲታይ ሃሊና ትዝ ትለኛለች።

ከአምስተርዳም በኋላ ሃሊና በአገሯ ንግሥት ሆነች ማለት ይቀላል። የፖላንድ የዓመቱ ምርጥ ስፖርተኛ ተብላ በ1927ም በ1928ም ተመርጣለች። በ1928 መጨረሻ ኢግናትሲ ማቱሼቭስኪን አገባች። ሰውየው ኮሎኔል ነው፣ የወታደራዊ ስለላ ኃላፊ የነበረ፣ በኋላ ዲፕሎማት፤ ከጋብቻቸው ብዙም ሳይቆይ የፖላንድ የገንዘብ ሚኒስቴርን መምራት ጀመረ። እሷ በ1929 የግጥም መጽሐፏን አሳተመች። ያኔ ኦሎምፒክ ላይ ለግጥምም ሜዳሊያ ይሰጥ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? በዚያው አምስተርዳም ሌላው የፖላንድ ወርቅ የገጣሚው ካዚሜሽ ቪየዢንስኪ ነው። ሃሊና ሁለቱንም ትችል ነበር።

በ1930 ፕራግ ላይ በአሊስ ሚሊያ ውድድር እንደገና ወርቅ ወሰደች፤ በ1931 ከአትሌቲክስ ወጣች። ቀጥሎ የመጡት ዓመታት የድሎት ናቸው፣ አላበዛባችሁም፦ ቴኒስ፣ በረዶ መንሸራተት፣ የሴቶች የስፖርት መጽሔት አዘጋጅነት፣ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ስብሰባ። መኪናም ትነዳ ነበር።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀርመን ፖላንድን ወረረች። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ነው። የፖላንድ ባንክ ካዝና ውስጥ 75 ቶን ገደማ ወርቅ አለ፤ በእኛ ስሌት 750 ኩንታል። ናዚዎች ዋርሶ ከገቡ መጀመሪያ የሚዘርፉት እሱን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ወርቁን የማሸሹ ኃላፊነት ለሃሊና ባልና ለአንድ ጓደኛው ለሄንሪክ ፍሎያር ራይህማን ተሰጠ። ሁለቱም ያኔ በሥልጣን ላይ አልነበሩም፣ ግን ሰው የጠፋበት ሰዓት ነው።

መኪና ከየት ይምጣ? የተገኘው ሁሉ ተሰበሰበ፣ የከተማ አውቶብስ ሳይቀር። 750 ኩንታል ስንት አይሱዙ እንደሚሞላ ጫት ሲጫን ያየ ሰው ይገምተው። ሾፌር ሲጎድል ሃሊና ራሷ አንዱን መኪና ይዛ ወጣች። ቀን ቀን የጀርመን አውሮፕላን መንገዱን ስለሚደበድብ ጉዞው በሌሊት ነው፣ መብራት ማብራት አይቻልም። መንገዱ በስደተኛ ተጨናንቋል፣ ነዳጅ የለም፣ ከኋላ ጦሩ እየደረሰ ነው። አምስተርዳም ላይ ያየናት ባለ ቀይ ኮፍያ ሴት አሁን በጨለማ ውስጥ መሪ ጨብጣ የአንድን አገር ሀብት ይዛለች። ድካሙን ያዩ ሰዎች በኋላ እንደተረኩት መሪውን ይዛ ጫፍ ድረስ ከሄዱት አንዷ ናት።

ወርቁ የሩማኒያ ድንበር ደረሰ። ከዚያ በባቡር ወደ ጥቁር ባሕር ወደብ ወደ ኮንስታንታ፣ በመርከብ ወደ ኢስታንቡል፣ በቱርክ በኩል እንደገና በባቡር ወደ ቤይሩት፣ ከቤይሩት በፈረንሳይ መርከቦች ወደ ፈረንሳይ። ጀርመን ሩማኒያን ወርቁን ያዙልኝ እያለች ስትጫን አንድ እርምጃ ቀድመው ነው ያመለጡት። በ1940 ፈረንሳይም ስትወድቅ ያ ወርቅ ወደኛው አህጉር መጣ፣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወደ ዳካር ተወስዶ ጦርነቱ እስኪበርድ እዚያ ቆየ።

ባልና ሚስቱ ምን ሽልማት አገኙ? ምንም። ፈረንሳይ የተቋቋመው የፖላንድ የስደት መንግሥት የጄኔራል ሲኮርስኪ ነው፣ ሲኮርስኪ ደግሞ የቀድሞውን አስተዳደር ሰዎች ዓይናቸውን ማየት አይፈልግም። ማቱሼቭስኪ ወርቁን አስረክቦ ያለ ሥራ ቀረ። ፖለቲካ እንዲህ ነው፤ ያዳንከው ሳይሆን ከማን ወገን እንደነበርክ ነው የሚጠየቀው። ፈረንሳይ ስትያዝ እንደገና ስደት ሆነ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል። በ1941 አሜሪካ ገቡ።

ማቱሼቭስኪ በ1946 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ሃሊና 46 ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም፣ አገሯ ደግሞ በሶቪየት ተጽዕኖ ሥር ገብታለች። ባሏ ያንን አገዛዝ በጽሑፍ ሲታገል የኖረ ሰው ስለሆነ ሻንጣ ይዞ መመለስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እጇን ወደ ሥራ ሰደደች። በረዶ መንሸራተት አስተማረች፣ ልብስ ዲዛይን አድርጋ ሸጠች። በ1949 ዬዢ ሽቸርቢንስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ስደተኛ አገባች፤ እሱም በ1959 ሞተባት። ከዚያ ፍሎሪዳ ገባች። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ሥዕል ተምራ ሥራዎቿን ሄለን ጆርጅ በሚል ስም ትፈርም ነበር። ጎረቤት ሆኖ ሥዕሏን የገዛ አሜሪካዊ ይህች አሮጊት የኦሎምፒክ ሻምፒዮን መሆኗን ከፊርማዋ ሊያውቅ አይችልም። ፖላንድን ከዚያ ወዲህ ያየችው እንደ እንግዳ ለጉብኝት እየሄደች ነው።

ሃሊና የሞተችው ጃንዋሪ 28 ቀን 1989 ዴይቶና ቢች ውስጥ ነው፣ 89 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት። ከአራት ወር በኋላ፣ ጁን 4 ቀን 1989፣ ፖላንድ ውስጥ ምርጫ ተደርጎ የኮሚኒስቶቹ አገዛዝ መፍረስ ጀመረ። አራት ወር ብቻ! በዓመቱ አስከሬኗ ተቃጥሎ የተቀመጠበት ዕቃ ወደ ዋርሶ ተወስዶ በብሩድኖ መቃብር ከወላጆቿ ጋር ተቀበረ። የማቱሼቭስኪ አፅም ግን ኒውዮርክ ቀርቶ የዋርሶ አፈር የቀመሰው በ2016 ነው፣ ከዚያ የወርቁ መንገድ ጓደኛው ከፍሎያር ራይህማን ጋር።

ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ፖላንድ ነፃ የወጣችበትን መቶኛ ዓመት ስታከብር ለሃሊና የአገሪቱን ትልቁን ኒሻን፣ የነጭ ንስር ኒሻንን ሰጠች። ከውርወራዋ 90 ዓመት፣ ከሞቷ ደግሞ 29 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።